በአነስተኛ መጠን የሚቀመም የሕመም መድኃኒት፦ ማን ይቀምመው?

በስናን ወረዳ፣ በጮቄ ግርጌ በምትገኘው ሮብ ገበያ፣ ረቡዕ ረቡዕ ድንችና ገብስ ጭኖ የሚመጣ አርሶ አደር ከሸጠ በኋላ ጎራ ከሚልባቸው ቤቶች አንዱ መድኃኒት ቤት ነው። በደጋው ውርጭ ጠዋት ጠዋት ጣቱ አልታጠፍ የሚለው፣ ጉልበቱ ያበጠ፣ ወገቡን የያዘው ሰው «የቁርጥማት» ይላል፤ ለሳምንት የሚሆን ማስታገሻ ይዞ ይመለሳል። ሳምንቱ ሲያልቅ ሕመሙ ከነበረበት ይጀምራል። እንዲህ ዓመታትን ለቆጠረ ሕመምተኛ፣ ውጭ አገር ያለ ዘመድ ወይም የስልክ መልእክት «በጣም ትንሽ መጠን ያለው፣ ርካሽ፣ ሕመሙን የሚያበርድ መድኃኒት አለ» ቢለው ጆሮውን መስጠቱ አያስገርምም።

መድኃኒቱ ናልትሬክሶን ይባላል። አዲስ ግኝት አይደለም። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ1984 የፈቀደው ከሄሮይንና ከመሰል አደንዛዥ ዕፆች ሱስ ለመላቀቅ ለሚታከሙ ሰዎች ነው፤ በ1994 ለአልኮል ሱስም ተፈቅዷል። የተለመደው መጠን በቀን 50 ሚሊግራም ነው። በ1980ዎቹ በኒውዮርክ ይሠሩ የነበሩት ሐኪም በርናርድ ቢሃሪ ግን የዚህን አንድ አሥረኛ እንኳ የማይሞላ መጠን ለሌሎች ሕመሞች መስጠት ጀመሩ። ዛሬ በዚህ መንገድ የሚታዘዘው በአብዛኛው ከ1.5 እስከ 4.5 ሚሊግራም ነው። መድኃኒቱ ለጥቂት ሰዓታት የሕመም ማስታገሻ ተቀባዮችን ሲዘጋ ሰውነት የራሱን ማስታገሻ አብዝቶ ያመነጫል፣ በነርቭ ሥርዓት ውስጥ ያለውን ብግነትም ያበርዳል የሚል መላምት አለ።

ማስረጃው ከዝናው ወደኋላ የቀረ ነው። መላ ሰውነትን የሚያም ፋይብሮማያልጂያ በተባለ በሽታ ላይ በአሜሪካ ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2009 እና በ2013 የወጡ ጥናቶች ተስፋ ሰጪ ቢሆኑም በጥቂት ሴቶች ላይ ብቻ የተደረጉ ነበሩ። በ2024 የታተመው የዴንማርክ ጥናት 99 ሴቶችን ለ12 ሳምንታት ተከታትሎ፣ 6 ሚሊግራም የወሰዱት ባዶ ክኒን ከወሰዱት ጋር ሲነጻጸሩ በሕመማቸው ላይ ጎልቶ የሚታይ ልዩነት አላገኘም። ኖርዌይ ውስጥ ግን በ2013 አንድ የቴሌቪዥን ዘጋቢ ፊልም በመታየቱ ብቻ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች መድኃኒቱን ፈልገው ሐኪም ዘንድ ሄደዋል። የባለቤትነት መብቱ ዘመን ካለፈ ቆይቷልና፣ ትልቅ ጥናት በገንዘቡ አስጠንቶ አተርፋለሁ የሚል ኩባንያም የለም።

ርካሽ ነገር በትክክል አይፈተንም ማለት ግን አይደለም፤ ለዚህም ምስክሩ ሩቅ አይደለም። በዚሁ በምሥራቅ ጎጃም በባዶ እግር ከመሄድ ጋር የተያያዘው የዝሆኔ በሽታ ሕመምተኞች ከነእብጠታቸውና ከነትኩሳታቸው አልጋ ላይ እየወደቁ ሥራ ሲፈቱ ኖረዋል። እግርን በውኃና በሳሙና ማጠብ፣ ቆዳን ቅባት መቀባት፣ በፋሻ መጠቅለል፣ ካልሲና ጫማ ማድረግ ይረዳል ወይ የሚለው ጥያቄ በዞኑ 696 ሰዎች በተሳተፉበት ጥናት ተፈትኖ ውጤቱ በ2018 ታትሟል። እንክብካቤውን ቀድመው ያገኙት ድንገተኛው ሕመም የሚነሣባቸው ተራ ከጠበቁት ያነሰ ጊዜ ሆኖ ተገኝቷል። ናልትሬክሶንም ሊመዘን የሚገባው በዚህ ዓይነት ሚዛን ነው።

ሁለተኛው ጉዳይ፣ ምናልባትም ለገጠር ነዋሪ የሚከብደው፣ ቅመማው ነው። በገበያ የተለመደው ባለ 50 ሚሊግራም ክኒን ነው። 4.5 ሚሊግራም ለማግኘት ባለሙያ በትክክለኛ ሚዛን መዝኖ እንደ አዲስ ማዘጋጀት አለበት። አንዱን ክኒን ቤት ውስጥ በምላጭ ለአሥራ አንድ ልክፈል ማለት አንድ ቀን ምንም፣ በሌላው ቀን እጥፍ መዋጥ ነው። ቅመማ በአገራችን እንግዳ ሙያ አይደለም፤ ፋርማሲስቱ በቀድሞው አጠራር መድኃኒት ቀማሚ ነበር። በአለርት ሆስፒታል የቆዳ ቅባቶች ይቀመማሉ፤ ኮሮና ሲገባ ዩኒቨርሲቲዎች የእጅ ማጽጃ በቤተ ሙከራቸው አዘጋጅተዋል። የሚዋጥ መድኃኒት ግን ከቅባት የበለጠ ጥንቃቄ ይጠይቃል፤ የሚወጋማ ከዚህም ይብሳል። እ.ኤ.አ. በ2012 በአሜሪካ ማሳቹሴትስ አንድ ቅመማ ቤት ያዘጋጀው የወገብ ሕመም መርፌ በሻጋታ ተበክሎ ከ750 በላይ ሰዎችን አሳምሟል፣ ከ60 በላይ የሚሆኑትን ገድሏል። ይህ የደረሰው የቁጥጥር አቅም ጎደለው በማይባል አገር ነው።

ከሁሉም በላይ አስቸኳይ የሚሆነው አደጋ በሕመምተኛው ኪስ ውስጥ ያለው ነው። ትራማዶል ወይም ሞርፊን የሚወስድ ሰው ናልትሬክሶን ቢጨምርበት መድኃኒቱ ማስታገሻውን ከቦታው ያፈናቅለዋል፤ ላብ፣ ትውከት፣ ተቅማጥ፣ መንቀጥቀጥና የባሰ ሕመም በአንድ ጊዜ ሊወርዱበት ይችላሉ። ለዚህ ነው ሐኪሞች አስቀድሞ ቢያንስ ከ7 እስከ 10 ቀን ከእነዚህ ማስታገሻዎች መራቅን የሚጠይቁት። የሚውጠው ትራማዶል መሆኑን ሳያውቅ «የቁርጥማት» ብቻ ብሎ ለሚያውቀው ሰው ይህ ማስጠንቀቂያ አይደርሰውም።

ሌላው ኪሳራ ቀስ ብሎ የሚመጣ ነው። የሰውነት መከላከያ የራሱን መገጣጠሚያዎች በሚያጠቃበት ሩማቶይድ አርትራይተስ፣ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ያልታከመ መገጣጠሚያ ይጎብጣል፤ የጎበጠው አይመለስም። ለዚህ በሽታ ውጤቱ የተረጋገጠ፣ በአነስተኛ መጠን የሚሰጥ መድኃኒት አስቀድሞም አለ፤ ሜቶትሬክሴት ነው። የሚዋጠው በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ነው፤ በስሕተት በየቀኑ የዋጡ ሰዎች ሞተዋል። የእንግሊዝ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ በ2020 ቀኑ ተለይቶ እንዲጻፍ ያሳሰበው በዚህ ምክንያት ነው። ቀኑን በገበያው ለሚቆጥር ሰው «ረቡዕ ብቻ» ብሎ መጻፍ ከባድ አይደለም። የደም ምርመራ ክትትል ይፈልጋል፤ እርጉዝ ሴት ፈጽሞ ልትወስደው አይገባም። ይህን ትቶ ውጤቱ ላልተረጋገጠው ናልትሬክሶን መጓጓት እጅን ለዘለቄታው ሊያሳጣ ይችላል።

የመገጣጠሚያ በሽታ ስፔሻሊስቶች በአገሪቱ በጣም ጥቂት ናቸው፤ ስለዚህ የሮብ ገበያ ሕመምተኛ የሚደርስበት የቅርቡ ቦታ ደብረ ማርቆስ ነው። የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ቁጥጥሩን ደንግጓል፤ የሚቀረው ሕመምተኛው ሊደርስበት በሚችል ቦታ በሚዛን፣ በመዝገብና በተጠያቂ ባለሙያ የሚሠራ ቅመማ ማደራጀት ነው። ይህ እስኪሆን ድረስ ወደ ደብረ ማርቆስ ሐኪም የሚሄድ ሰው እስካሁን የዋጠውን ክኒን ሁሉ ከነማሸጊያው፣ መርፌም ተወግቶ ከሆነ ስሙን በወረቀት አጽፎ፣ ይዞ ቢሄድ ሐኪሙ ቀድሞ የሚጠይቀው እሱኑ ነው።