ስንት ገጽ ደረሰ?

«ሌባ» የሚለው ቃል በኛ ዘንድ ዋጋው ከረከሰ ቆይቷል። ቀጠሮ ያረፈደ ሌባ ነው፤ ኪራይ የጨመረ ሌባ ነው፤ ጎል የሳተ አጥቂ ሳይቀር ሌባ ነው። ሰሞኑን ደግሞ ሁለት ወዳጆቼ ይህንኑ ማዕረግ ለአንድ ሠዓሊ ሰጥተውታል። ሰውየው አሜሪካ ነው የሚኖረው። የዛሬ ሦስት ዓመት ግድም በሥዕል የሚተረክ ልብ ወለድ፣ ግራፊክ ኖቭል የሚባለውን ዓይነት፣ ለመሥራት አሰበና በኢንተርኔት «አዋጡልኝ» አለ። እኛም አዋጣን። ባሕር ማዶ ያለ ዘመድ በካርዱ ከፈለልን፤ በነፍስ ወከፍ 35 ዶላር። መጽሐፉ በዓመቱ እጃችሁ ይገባል ተባልን። ዓመቱ ሞላ፤ ሁለተኛው ተከተለ፤ ሦስተኛውም እየተገባደደ ነው። መጽሐፉ ግን የለም።

ስለዚህ «ሌባ!»

እኔም 35 ዶላሬን የሰጠሁ ነኝና በዚህ ፍርድ ላይ ድምፅ አለኝ። ድምፄን ግን ለወዳጆቼም ለሠዓሊውም አልሰጥም። ወዳጆቼ የመሠረቱት ክስ የተሳሳተ ነው። ሠዓሊውም ትክክለኛው ክስ እስካሁን ስላልቀረበበት ብቻ በነጻ የሚሰናበት መስሎታል።

ነገሩን ከሥሩ እንየው። (ካልገለጽኩ በቀር ዓመቶቹ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።) ለእንዲህ ዓይነት መዋጮ ስሙ ቀድሞ የሚጠራው ኪክስታርተር ሥራ የጀመረው በ2009 ኒውዮርክ ውስጥ ነው። አሠራሩ ቀላል ነው። ባለሙያው «ይህን ለመሥራት ይህን ያህል ገንዘብ ያስፈልገኛል» ይላል፤ ቀን ይቆረጣል። በተቆረጠው ቀን ገንዘቡ ከሞላ ይወስዳል፤ ካልሞላ ከማንም ኪስ ሰባራ ሳንቲም አይወጣም። ከሞላው ላይ ድርጅቱ 5 በመቶ ያነሳል፤ ክፍያውን የሚያስተላልፉትም የራሳቸውን ይቆርጣሉ። ሕዝቡ እንደ ገበያ እያየው ሲያስቸግር ጊዜ ድርጅቱ በ2012 «እኛ ሱቅ አይደለንም» ብሎ በይፋ እስከመጻፍ ደርሷል።

ሱቅ ካልሆነ ታዲያ ምንድነው? እኛ ስሙን እናውቀዋለን። ደቦ ነው። ጎረቤትህ ማሳው ደርሶበት ብቻውን አልችል ሲል ማጭድህን ይዘህ ትሄዳለህ። ማታ የእህሉን ሲሶ ተሸክመህ አትመለስም፤ ጠላውን ጠጥተህ፣ እንጀራውን በልተህ፣ ተመርቀህ ትገባለህ። ፈረንጆቹም ቢሆኑ ነገሩን በኢንተርኔት አልጀመሩትም። በ1885 የነጻነት ሐውልት የሚቆምበት መሠረት ገንዘብ አጥሮት ሲጓተት፣ ጆሴፍ ፑሊትዘር በጋዜጣው ሕዝቡን አዋጡ ብሎ በአምስት ወር ገደማ ከ120 ሺህ በላይ ከሚሆኑ ሰዎች 100 ሺህ ዶላር ያህል ሰበሰበ። አብዛኛው ሰው የሰጠው ከአንድ ዶላር በታች ነበር። ጋዜጣው ግን የሰጪዎቹን ስም ያትም ነበር።

እንግዲህ ወዳጆቼ የዘነጉት የመጀመሪያው ነገር ይኸው ነው። ዕቃ አልገዛንም፤ ለሥራ ቀን አዋጣን። ሁለተኛው ደግሞ የሥራው ጠባይ ነው። በሥዕል የሚተረክ መጽሐፍ ለማንበብ አንድ ከሰዓት በኋላ ይበቃልና ለመሥራትም እንደዚያው ይመስለናል። እስቲ አንዲቱን ገጽ እንከተላት። መጀመሪያ ታሪኩ ይጻፋል። ከዚያ ገጹ በስንት ሣጥን እንደሚከፈል በረቂቅ ይነደፋል። ከዚያ በእርሳስ ይሣላል፤ በጥቁር ቀለም ይደመቃል፤ ቀለም ይቀባል፤ የሰዎቹ ንግግር በየአረፋው ይጻፋል። በገጽ 3 ላይ ጠባሳው በግራ ጉንጩ የነበረ ሰውዬ በገጽ 140 ወደ ቀኝ እንዳይዞርበትም ሁሉም ተመልሶ ይታያል።

አሁን ስሌት እንሥራ። መጽሐፉ 180 ገጽ ነው እንበል። እጁ የፈጠነ ሠዓሊ አንዱን ገጽ በሁለት ቀን ቢጨርስ 360 የሥራ ቀን ይፈጃል። በሳምንት አምስት ቀን ቢሠራ 72 ሳምንት ነው፤ ሳይታመም፣ ልጅ ሳይታመምበት፣ የሣለውን ቀድዶ እንደገና ሳይጀምር። የተዋጣለት ደግሞ 20 ሺህ ዶላር ነው እንበል። ለድርጅቱና ለክፍያ አስተላላፊዎቹ ወደ 2 ሺህ ሲሄድ፣ ለማተሚያና ለፖስታ 8 ሺህ ሲወጣ፣ ለእጁ የሚተርፈው 10 ሺህ ነው። ለ360 ቀን ሲካፈል በቀን 28 ዶላር አይሞላም። የአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት ያስቀመጠው ዝቅተኛ የሰዓት ክፍያ 7 ዶላር ከ25 ሳንቲም ነው። የአራት ሰዓት የቀን ሠራተኛ ደመወዝ እንኳ አይሆንም ማለት ነው! ታዲያ ሰውየው ሌላ ሥራ ሠርቶ ማደር አለበት። ሌላ ሥራ እየሠራ ለመጽሐፉ ቅዳሜና እሑድን ብቻ ከሰጠ 360ው ቀን 180 ሳምንት ይሆናል፤ ሦስት ዓመት ተኩል ገደማ።

አርት ስፒግልማን «ማውስ» የተባለውን ሥራውን «ሮው» በተባለ መጽሔት ላይ ምዕራፍ በምዕራፍ ሲያወጣ ከ1980 እስከ 1991 ቆይቷል። ሁለቱ ክፍሎች አንድ ላይ 296 ገጽ ናቸው። ቢካፈል በወር ሁለት ገጽ ተኩል አይደርስም። በ1992 በዚያው በፑሊትዘር ስም የሚሰጠውን ሽልማት ሲቀበል ማንም ሰዓቱን አላየም።

እንኳን ገና የሚሣል፣ ተሥሎ ያለቀም ይዘገያል። ሪች በርሉ የተባለ አሜሪካዊ «ዘ ኦርደር ኦቭ ዘ ስቲክ» የሚል የሥዕል ታሪክ አለው። በ2012 ከገበያ የጠፉ መጻሕፍቱን እንደገና ለማሳተም 57,750 ዶላር ጠየቀ። ከ14,952 ሰዎች 1,254,120 ዶላር ወረደለት። ዕድሉን ያየ «አለፈለት!» ይላል። ገንዘቡ በጨመረ ቁጥር ግን «ይህንንም እጨምርላችኋለሁ፣ ያንንም እሥልላችኋለሁ» የሚል ቃል አብሮ ጨመረ። በዚያው ዓመት መስከረም ላይ የሚሥልበትን እጁን ክፉኛ ተጎዳ። ቃል የገባቸው ተጨማሪ ታሪኮች ለዓመታት እየተንጠባጠቡ ነው የወጡት። ሰውየው ግን አልጠፋም፤ የደረሰበትን፣ እጁ የደረሰበትን ሁኔታ ጭምር፣ ለሰጪዎቹ እየጻፈ ቆየ።

ጥናቱም የሚለው ይህንኑ ነው። የፔንሲልቬኒያ ዩኒቨርሲቲው ኢታን ሞሊክ በ2014 ባወጣው ጥናት በኪክስታርተር ገንዘብ ካገኙት መካከል ከ75 በመቶ በላይ የሚሆኑት ከቀጠሯቸው ያሳልፋሉ። በ2015 ባወጣው ሌላ ጥናት ደግሞ ቃል የገቡትን ጭራሽ ሳይሰጡ የቀሩት 9 በመቶ ያህል ናቸው። ይህ ማለት ማርፈድ ልማዱ ነው፤ መቅረት ግን ብርቅ ነው። ገና ለገና ዘገየ ብሎ ሌባ የሚል ሰው ከአሥር ጊዜ ዘጠኙን ሰው ሲያማ ይኖራል።

እዚህ ላይ የሠዓሊው ደጋፊዎች እጃቸውን ሲያፋትጩ ይታየኛል። «ብለን ነበር እኮ! ጥበብ አትቸኩልም፤ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።» ቆይ፣ አልጨረስኩም። እንቁላሉ በእግሩ እስኪሄድ መታቀፉን የሚያይ ሰው መኖር አለበት። በደቦ የወጣ ሰው ማሳው የት ድረስ እንደታጨደ ጠይቆ አያውቅም፤ ለምን ይጠይቃል? መሃሉ ላይ ቆሞ ያየዋላ! የኢንተርኔቱ ደቦ ማሳው ባሕር ማዶ ነው። ያጨዳውን ልክ ካልነገረኝ በቀር የማውቅበት መንገድ የለኝም። ለዚህ ነው መናገር ለሠዓሊው የትሕትና ጉዳይ ያልሆነው። ከተቀበለው ሥራ አንዱ ክፍል ነው፤ በእርሳስና በቀለም መካከል እንዳለ አንድ ደረጃ።

የኛው ሠዓሊ መጨረሻ የጻፈልን የዛሬ አሥራ አራት ወር ነው። «በቅርቡ ጥሩ ዜና ይኖራል» የምትል አንዲት መስመር። ይህች መስመር ታውቃላችሁ የማን ናት? የልብስ ሰፊው ናት። ቀብድ ተቀብሎ፣ ጨርቁን መደርደሪያ ላይ ጥሎ፣ በሄድክ ቁጥር «ቅዳሜ ና፤ ቁልፉ ብቻ ነው የቀረው» የሚልህ። ስንት ገጽ ተሣለ? አልተነገረንም። ሰውየው ታሟል? ሥራ ለውጧል? ታሪኩ መሃል ላይ ተበላሽቶበታል? ይህ ሁሉ ቢነገረኝ አዝንለታለሁ እንጂ አልከሰውም። «ዝምታ ወርቅ ነው» የሚለው ተረት በራሱ ገንዘብ ለሚሠራ ሰው ነው። በሰው ገንዘብ ሲሆን ዝምታ ዕዳ ነው፤ ወለድም ይወልዳል።

ወለዱን እንዴት እንደሚወልድ አውቃለሁ፤ እንደኔ ያለ በቀጠሮ የሚጽፍ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። መጀመሪያ ወር ላይ ትንሽ ታፍራለህና «የሚታይ ነገር ይዤ ልጻፍላቸው» ትላለህ። በሦስተኛው ወር ለማብራራት የሚያስፈልገው ነገር ይበዛል። በስድስተኛው ወር የሚመጣልህ ደብዳቤ ስድብ ስለሚበዛበት መክፈት ትተዋለህ። ሰጪው በዝምታህ ይጠረጥራል፤ አንተ በጥርጣሬው ትቀየማለህ። የዚህ መንገድ መጨረሻ በ2014 ታይቷል። ከሁለት ዓመት በፊት ከ50 ሺህ ዶላር በላይ የተዋጣለት አንድ አሜሪካዊ የሥዕል ታሪክ ደራሲ መላኪያ ገንዘብ አለቀበት፤ «መጽሐፌ የታለ?» የሚለውም ደብዳቤ በዛበት። መጻሕፍቱ ታትመው እያሉ 127ቱን በእሳት አነደደ፤ ለተጻፈለት ለእያንዳንዱ ደብዳቤ አንድ አንድ መጽሐፍ፣ በቪዲዮ እያስቀረጸ። እኛ ሰጪዎቹም ከዚህ እሳት እጃችን ንጹሕ አይደለም። 35 ዶላር ሰጥቶ እንደ አሠሪ መጮህ፣ የመጽሐፉን ዋጋ ከፍሎ የዓመት ጉልበት የገዛ መምሰል፣ ሰውየው ልጁን ይዞ ሲዝናና የተነሣውን ፎቶ እያሳዩ «በኛ ገንዘብ ነው!» ማለት፣ ይህ ሁሉ ሰውን ይበልጥ ዝም ያሰኛል እንጂ አንድ ገጽ አያሥልም።

ሕዝቡ መጠበቅ አይችልም የሚለኝ ካለም አልሰማውም። ሕዳሴ ግድብ መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. መሠረቱ ተጣለ፤ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመረቀ። በአምስት ዓመት ገደማ ያልቃል የተባለው ከአሥራ አራት ዓመት በላይ ወሰደ። ከደመወዙ የተቆረጠበትና ቦንድ የገዛው ሰው በየመሃሉ አጉረመረመ፣ ተቆጣ፣ ግን ጠበቀ። ከሚጠይቃቸው ጥያቄዎች ፊተኛው «ስንት በመቶ ደረሰ?» ነበር። ቁጥር ለሚጠብቅ ሰው ስንቅ ነው።

ይህን ሁሉ የምለው ስለ 35 ዶላሬ አይደለም። ነገሩ የሚያሳስበኝ ለሚቀጥለው ልጅ ነው። ኢትዮጵያ ኪክስታርተር ላይ ፕሮጀክት እንዲከፍቱ ከተፈቀደላቸው አገሮች ዝርዝር ውስጥ የለችም። አዲስ አበባ ቁጭ ብሎ የሚሥል ወጣት ቢያስፈልገው የሚለምነው የሚያውቁትን ሰዎች ነው፤ የባንክ ሒሳብ ቁጥሩን በቴሌግራም ለጥፎ። የሚያስይዘው ነገር ከስሙ በቀር የለውም። አንባቢ ግን አለው። እኛ ታሪክን በሥዕል ማንበብ የጀመርነው ዛሬ አይደለም፤ የንግሥተ ሳባን ታሪክ በ44 ሣጥን ከፋፍለው የሚሥሉ ሠዓሊዎች ያፈራን ሰዎች ነን። በ2018 ደግሞ በሥራት ደበበ የመሠረተው ኢታን ኮሚክስ «ጀምበር»ን በአማርኛና በእንግሊዝኛ አሳትሟል። እጁ አለ፣ ዓይኑ አለ። የሚጎድለው መተማመኑ ነው። አንድ ሠዓሊ ገንዘብ ተቀብሎ ዝም ባለ ቁጥር የሚበላው የኔን 35 ዶላር ሳይሆን ያንን ያልጀመረውን ልጅ ነው።

ስለዚህ ለሠዓሊዎቻችን ሁሉ እንዲህ እላለሁ። ታሪኩን ጽፋችሁ ሳትጨርሱና ጥቂት ገጾች ሣላችሁ እጃችሁ በሳምንት ስንት ገጽ እንደሚሠራ ሳታውቁ ገንዘብ አትጠይቁ። የመረከቢያውን ቀን ከዚያች ፍጥነት ላይ አስሉት እንጂ ሰጪ ደስ እንዲለው አትጻፉት። ገንዘቡ ሲተርፍ ተጨማሪ ቃል አትግቡበት፤ ተጨማሪ የሥራ ቀን ግዙበት። መጨረስ ካልቻላችሁም ንገሩን፤ የተሣለውን 70 ገጽና የወጣውን ሒሳብ ስጡንና እንመራረቅ። ሰጪዎች ደግሞ ከስድብ ይልቅ አንዲት ጥያቄ ትበቃናለች፦ ስንት ገጽ ደረሰ?

መልሱን በየወሩ ላኩልን፤ ይቅርታ አትጨምሩበት፣ ተስፋም አትጨምሩበት። ሥልሳ አንድ ከሆነ ሥልሳ አንድ በሉን። ባለፈው ወር ሥልሳ አንድ፣ ዘንድሮም ወር ሥልሳ አንድ ከሆነ እንደገና ሥልሳ አንድ በሉን። ጨርሶ ያልተጀመረ እንደሆነም ዜሮ ቁጥር ነው፤ እሱንም እንጠብቅበታለን።