የዕድሜ ልክ ቀጠሮ

አጎቴ ኢንሱሊኑን የሚያስቀምጠው ጓዳ ጥግ መሬት ውስጥ በተቀበረች ትንሽ ገንቦ ውስጥ ነበር። የገንቦዋ ዙሪያ አሸዋ ነው፤ አያቴ ጠዋትና ማታ ውኃ ታጠጣዋለች። ብልቃጡ በፌስታል ተጠቅልሎ በክር ታስሮ ይወርዳል። እኛ ልጆች በሩጫ ወደ ጓዳ ስንገባ «የልጄን ነፍስ እንዳትረግጡብኝ!» ትለን ነበር።

ሆስፒታል ያሉት «ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጥ» ብለውታል። መብራት ባልደረሰበት የጎንደር ደንቢያ ገጠር ፍሪጅ ከየት ይመጣል? ከብዙ ዓመታት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2021 ድንበር የለሽ ሐኪሞችና የጄኔቫ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሰሜን ምሥራቅ ኬንያ ዳዳብ የስደተኞች ካምፕ ላይ ተመርኩዘው የሠሩትን ጥናት አወጡ። ሙቀቱ በ25 እና በ37 ዲግሪ መካከል ከፍ ዝቅ ቢልም ኢንሱሊን ለአራት ሳምንት ኃይሉን እንደጠበቀ ይቆያል ይላል። ይህን ሳነብ አያቴ ትዝ አለችኝ፤ አለቀስኩ።

የአጎቴን ዕድሜ ያሳጠረው ሙቀቱ አልነበረም፤ መንገዱ ነው። ለአንድ ቀጠሮ ጎህ ሳይቀድ ተነስቶ ሦስት ሰዓት በእግሩ ተጉዞ መኪና መንገድ ይደርሳል። ከተማ ያድራል፤ በማግስቱ ይሰለፋል። አንድ ጊዜ ፍየል ሸጦ መጥቶ፣ ቀኑን ሙሉ ሲጠብቅ ውሎ «መድኃኒቱ አልቋል፣ ከውጭ ግዛ» ተባለ። በክረምት ወንዙ ሲሞላ ይቀራል፤ በአጨዳ ይቀራል። ካርዱ ላይ «ቀጠሮ አያከብርም» ተብሎ ተጻፈበት። በእግሩ ላይ የወጣች ትንሽ ቁስል አመረቀዘችና አርባ ሰባት ዓመት ሳይሞላው ቀበርነው።

ያን ጊዜ ስኳር የባለጸጋ በሽታ ነው ይባል ነበር። አጎቴ ቀጭን ገበሬ ነበር፤ ጠግቦ ያደገም አልነበረም። የጎንደር ሐኪሞች ከገጠር የሚመጡላቸው ታካሚዎች እንደ እሱ ከሲታና ድኃ መሆናቸውን ለዓመታት ሲጽፉ ቆይተዋል። ዓለም አቀፉ የስኳር ሕመም ፌዴሬሽን ከምግብ እጥረት ጋር የተያያዘውን ስኳር «ዓይነት 5» ብሎ የተቀበለው ገና እ.ኤ.አ. በ2025 ነው።

ስማቸው በአደባባይ ብዙ የማይነሳ ሰዎች ግን ዕውቅናውን ቁጭ ብለው አልጠበቁም። ጎንደር ላይ ፕሮፌሰር ሽታዬ ዓለሙ፣ ጅማ ላይ ዶክተር ዮሴፍ ማሞ፣ ከእነሱም ጋር ሰር ኤልድሪድ ፓሪ። ፓሪ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ አዲስ አበባ ያስተማሩ የዌልስ ሐኪም ሲሆኑ በ1988 የሐሩር ክልል ጤናና ትምህርት ትረስትን አቋቁመው በ2022 ያረፉ ናቸው። ያደረጉት ነገር ሲሰሙት ቀላል ይመስላል። የስኳር፣ የደም ግፊትና የሚጥል በሽታ ታካሚ ወደ ሆስፒታል መሄዱ ቀርቶ ክትትሉ ራሱ ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድለት አሉ። ነርሶችንና ጤና መኮንኖችን አሠልጥነው ታካሚውን አስረከቧቸው፤ ሐኪሙ እየተመላለሰ የከበደውን ያያል። ሥራው እኛ አካባቢ እስኪደርስ አጎቴ አልቆየም።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ከእነዚህ ጤና ጣቢያዎች በአንዱ ግማሽ ቀን ተቀምጬ አይቻለሁ። ሲስተር በእጇ ያሰመረችው ትልቅ መዝገብ አላት። አንድ ጋቢ የለበሱ ሽማግሌ ገቡ።

«አባባ፣ ባለፈው ወር ምነው ቀሩብኝ?»

«አጨዳ ይዞኝ ነው፣ ልጄ።»

አልተቆጣቻቸውም። ግፊታቸውን ለካች፤ መዝገቡን ገለጥ አድርጋ ቀጣዩን ቀጠሮ ቅዳሜ ላይ አዋለችላቸው። ቅዳሜ የገበያ ቀን ነው፤ እህላቸውን ሸጠው መድኃኒታቸውን ይዘው ይመለሳሉ። ወንበሬ ላይ እንደተቀመጥኩ ስለ አጎቴ ካርድ አሰብኩ።

«ነርስ እንዴት ኢንሱሊን ታስጀምራለች?» የሚሉ ሐኪሞች ዛሬም አሉ። ሥጋታቸው ከንቱ አይደለም፤ የተሳሳተ መጠን ሰው ይገድላል። ግን እኔ ፍርዴን ሰጥቻለሁ። ኢንሱሊን ማጣትም ይገድላል፤ ያውም በእርግጠኝነት። ደግሞስ ሐኪም ባልደረሰበት የሚደርስ ባለሙያ ማሠልጠን ለጎንደር አዲስ ነገር ነው? እ.ኤ.አ. በ1954 የተከፈተው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ጤና መኮንኖችን፣ የማኅበረሰብ ነርሶችንና የአካባቢ ጤና ባለሙያዎችን ያወጣው ለዚሁ ነበር። ኤች አይ ቪን ደግሞ ሁላችንም እናስታውሳለን። እ.ኤ.አ. በ2005 መድኃኒቱ በነጻ መሰጠት ሲጀምር ብዙም ሳይቆይ ጤና ጣቢያ ወረደ፤ ነርሶች ያዙት፤ ቀጠሮ ያመለጠውን ቤቱ ድረስ ሄደው የሚፈልጉ ሰዎች ተቀጠሩ። ለአንዱ የዕድሜ ልክ ሕመም ያደረግነውን ለሌላው የማናደርግበት ምክንያት አይታየኝም።

በሩዋንዳም እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ ዶክተር ጂን ቡክማንና ባልደረቦቻቸው ከጤና ሚኒስቴሩ ጋር ሆነው ነርሶችን በወረዳ ሆስፒታሎች ለከባድ የልብ ሕመምና ለዓይነት 1 ስኳር አሠለጠኑ። ፔን ፕላስ የተባለውን ይህን አካሄድ የአፍሪካ የጤና ሚኒስትሮች እ.ኤ.አ. ነሐሴ 2022 ሎሜ ላይ ተቀብለውታል።

ሎሜ ላይ የጸደቀ ነገር ግን ደንቢያ በራሱ አይደርስም። የሠለጠነችው ሲስተር ትዛወራለች፤ መዝገቡ መሳቢያ ውስጥ ይቀራል። የስኳር መለኪያው አለ፣ ስትሪፑ የለም። መንገድ ሲዘጋ ደግሞ ይብሳል። በትግራዩ ጦርነት የመቐለው ዓይደር ሆስፒታል ሐኪሞች ኢንሱሊን እያለቀባቸው መሆኑን ሲጮኹ ሰምተናል። ዛሬ በአማራ ክልል ተኩስ በሰማ ቁጥር ስንቱ ታካሚ ብልቃጡን አንስቶ የቀረውን በዓይኑ ይለካ ይሆን? የየዕለት መርፌ ያለበት ሰው መንገድ እስኪከፈት አይጠብቅም። መድኃኒቱ አስቀድሞ ቀርቦ፣ ለወራት የሚበቃው ጤና ጣቢያ ገብቶ መገኘት አለበት።

የወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤት ኃላፊ ሆነው ይህን የሚያነቡ ካሉ አንድ ነገር እለምንዎታለሁ። ሪፖርት አይጠይቁ። ነገ ጠዋት ራስዎ ወደ ጤና ጣቢያው መድኃኒት ክፍል ይግቡ። ኢንሱሊን፣ ስትሪፕ፣ የደም ግፊት ክኒንና ለሚጥል በሽታ የሚሰጠው ፊኖባርቢታል መደርደሪያው ላይ መኖራቸውን በዓይንዎ ይዩ። ከዚያ ሲስተርን የቀጠሮ መዝገቧን እንድታሳይዎት ይጠይቋትና፣ ባለፈው ወር የቀሩትን ሰዎች ስም አንድ በአንድ ያንብቡ።