የሀብት ግቡ ሰው ነው

የአንድ ወደብ ብልጽግና የሚለካው በሚራገፍበት ዕቃ ብዛት ብቻ ነው ብሎ ማሰብ ከእውነት ያርቃል። አብዛኛው የኢትዮጵያ የውጭ ንግድ በጅቡቲ ከተማ በኩል ያልፋል፤ ነገር ግን ዕቃውን የሚያወርደው የወደብ ሠራተኛ ንጹሕ ውሃ፥ ሕክምናና ለልጆቹ ትምህርት ካላገኘ፥ የመርከቡ መብዛት ለእርሱ ምን ይረባዋል?

በ1111 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ያረፉት ታላቁ ሊቅ አቡ ሐሚድ አል-ገዛሊ፥ የእስልምና ሕግ የሚጠብቃቸውን 5 ነገሮች ሲዘረዝሩ፥ ሃይማኖትን፥ ሕይወትን፥ አእምሮንና ዘርን አስቀድመው ሀብትን በመጨረሻ አኖሩት። ሀብት አገልጋይ እንጂ ጌታ አይደለምና። ከተወሰነ መጠን በላይ በተጠራቀመ ገንዘብ ላይ በየዓመቱ ከመቶ 2.5 ዘካ እንዲወጣ የታዘዘውም፥ አራጣ የተከለከለውም ለዚሁ ዓላማ ነው።

የዚህ አብነት ሩቅ አይደለም። በ2017 (እ.ኤ.አ.) ከኢትዮጵያ ሶማሌ ክልል የተዘረጋው ቧንቧ የከርሰ ምድር ውሃ ወደ ጅቡቲ ማድረስ ጀመረ። ውሃ የሕዝብ የጋራ ሀብት ነው የሚለው የእስልምና ትምህርት በሥራ የሚገለጠው እንዲህ ባለው ተግባር ነው።

እንግዲህ የወደቡን ገቢ የሚያስተዳድሩ ሁሉ፥ ከሒሳብ መዝገባቸው አስቀድመው፥ ውሃ ስንት ቤት እንደ ደረሰና ስንት ሕፃን ትምህርት ቤት እንደ ገባ ሊጠይቁ ይገባቸዋል። ልማት አደገ ሊባል የሚችለው ይህ ቍጥር ሲያድግ ብቻ ነው።