ጦርነት የጉልበት ዋጋን ያስወድዳል?

ጦርነት ሲነሳ የሠራተኛ እጥረት ስለሚፈጠር የጉልበት ዋጋ ይወደዳል የሚሉ ወገኖች አሉ። በመርህ ደረጃ ስህተት አይደለም። እኔ ግን በአገራችን የሆነውን ስመለከት፣ እጥረቱ ሠራተኛውን ጠቀመው ለማለት ይቸግረኛል።

የሰሜኑ ጦርነት ጥቅምት 24 ቀን 2013 ዓ.ም. ሲጀመር ሁመራ በሰሊጥ ምርት መሰብሰቢያ ወቅት ላይ ነበረች። ሰሊጥ ጊዜ አይሰጥም፤ በወቅቱ ካልታጨደ ይረግፋል። እንዲህ ባለ ሰዓት የቀን ሠራተኛ ዋጋውን ከፍ አድርጎ መደራደር ይችላል፤ ከእርሻው መድረስ ከቻለ። መንገድ ሲዘጋና ሕይወት ሲያሰጋ ግን የተወደደ ምንዳ ከደጋ ላልወረደው ሠራተኛ ምን ይፈይዳል? የእሱ ገቢ ዜሮ ነው።

በፋብሪካ በኩል የጎደለው ሠራተኛ ሳይሆን ሥራው ነበር። ከጦርነቱ ጋር በተያያዘ የሰብዓዊ መብት ጥሰት ምክንያት አሜሪካ በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ኢትዮጵያን ከአጎዋ ሰረዘች። ፒቪኤች ከዚያ ቀደም ብሎ የሐዋሳ ፋብሪካውን ለመዝጋት ወስኗል። በ2011 ዓ.ም. የወጣ የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ጥናት የልብስ ስፌት ሠራተኞቻችን መነሻ ደመወዝ በወር 26 ዶላር መሆኑን ገልጾ ነበር። ከዚህ ላይ ምን ይቀነሳል?

በዚያው ዓመት የወጣው አዋጅ ቁጥር 1156/2011፣ ዝቅተኛ ደመወዝን የሚያጠና የደመወዝ ቦርድ ሥልጣን በሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ እንደሚወሰን ደንግጓል። ጦርነቱ ሲመጣ ግን ቦርዱ አልነበረም።

በእኔ እምነት እጥረት ብቻውን ደመወዝ አያሳድግም። ሠራተኛው በሰላም ተንቀሳቅሶ መደራደር፣ ሕጉም ከታች ወለል ሊያበጅለት ይገባል። አለበለዚያ የጦርነት ዕዳ የሚወራረደው ከደመወዙ ላይ ነው።