ለላስታ ቁልቁለት የሚታጠፍ ብስክሌት፤ ቡሎኑን ማን ያጥብቀው?

ለሚታጠፍ የተራራ ብስክሌት ገዢ የሚያፈላልግ ደላላ ቀድሞ የሚናገረው ስለ ፍሬኑ ወይም ስለ ማርሹ አይደለም፡፡ «ቦታ አይዝም» ይላል፡፡ ከመሐሉ ታጥፎ አልጋ ሥር ይገባል፤ ከቤት መኪና ኋላ ይቀመጣል፤ የአውቶቡስ ፖርቶመጋላ ላይ ይወጣል፡፡ አባባሉ እውነት ነው፡፡ ነገር ግን ዕቃው ታጥፎ ስለሚያድርበት ቦታ እንጂ ተዘርግቶ ስለሚሄድበት አገር የሚነግረው ነገር የለም፡፡

ነጋዴው ብስክሌት ላይ ዓይኑን የጣለው ያለ ምክንያት አይደለም፡፡ በጥር 2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑን አስታወቀ፡፡ በዚያው ዓመት ሐምሌ 22 ቀን የብር ምንዛሪ ለገበያ ተለቀቀና አስመጪው ሁሉ ሒሳቡን እንደገና ጻፈ፡፡ ቀደም ሲል በ2011 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ «መንገድ ለሰው» በሚል ስም ጎዳናዎች በእሑድ ለእግረኛና ለብስክሌት የሚከፈቱበት ፕሮግራም ተጀምሮ ነበር፡፡ ብስክሌት የልጅ መጫወቻ ነው የሚለው አስተሳሰብ ከዚያ ወዲህ እየላላ መጥቷል፡፡

የላሊበላው ሐሳብ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው፡፡ ስሌቱ ቀላል ይመስላል፡፡ አሥራ አንዱ ውቅር አብያተ ክርስቲያናት እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት የተመዘገቡባት ከተማ ነች፤ ናኩቶ ለአብ ቅርብ ነው፤ ይምርሐነ ክርስቶስ፣ ገነተ ማርያምና ብልባላ ጊዮርጊስ ራቅ ራቅ ብለው ይገኛሉ፤ መኪና መከራየት ለጎብኚው ውድ ነው፡፡ እንግዲህ አሥር ወይም ሃያ የሚታጠፍ ብስክሌት ገዝቶ እያከራዩ መብላት ነው፡፡ ዕቃው ስለሚታጠፍ በአውሮፕላንም በአውቶቡስም ይደርሳል፤ ጠባብ ግቢ ያለው የእንግዳ ማረፊያም አንድ ክፍል ውስጥ ይደረድረዋል፡፡

የጎብኚው ቁጥር ራሱ አንድ ጥያቄ ነው፡፡ ከተማዋ በ2012 ዓ.ም. ወረርሽኙ ያራቀባትን እንግዳ ሳትመልስ ከ2013 ማብቂያ እስከ 2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ድረስ በጦርነቱ ከእጅ ወደ እጅ ተላልፋለች፡፡ ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ ደግሞ በክልሉ የተነሣው ግጭት መንገዱን አስፈሪ አድርጎታል፡፡ ባለሆቴሉ፣ አስጎብኚውና ባለበቅሎው የደረሰባቸውን እነሱ ያውቁታል፡፡ ገንዘብ ያለው ሰው ይህን መዝኖ ሲገባ ራሱ ያውቃል፡፡ ይሁን እንጂ ሰላም ቢወርድና እንግዳው ቢመለስ እንኳ የሚታጠፈው ብስክሌት ጉዳይ በዚያ አያልቅም፡፡

ብዙዎች በምሳሌነት የሚጠቅሱት ባሕር ዳርን ነው፡፡ ባሕር ዳር ላይ ብስክሌት ይሠራል፤ መቀሌና ሐዋሳም ያውቁታል፡፡ ገረመው ደንቦባና ጓደኞቹ በ1949 ዓ.ም. ሜልቦርን ኦሊምፒክ ላይ ለአገራቸው በብስክሌት ሲወዳደሩ ስፖርቱ ለኢትዮጵያዊ እንግዳ አልነበረም፡፡ ሆኖም ባሕር ዳር ሜዳ ናት፡፡ እዚያ ፍሬን የላላበት ሰው እግሩን መሬት አድርጎ ይቆማል፤ ጎማ ቢተነፍስበት ጎሚስታ ሩቅ አይደለም፡፡ ላሊበላ የተቀመጠችው ከአቡነ ዮሴፍ ተራራ ግርጌ 2,500 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ነው፡፡ አውሮፕላን ማረፊያው ደግሞ ከ20 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ አምስት መቶ ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ ይገኛል፡፡ የባሕር ዳርን ስሌት እንዳለ ገልብጦ ላስታ ላይ መለጠፍ ስለዚህ አያዋጣም፡፡

አሁን ወደ ካርቶኑ እንምጣ፡፡ ብስክሌት ብዙውን ጊዜ ሙሉ ሆኖ አይመጣም፡፡ መሪው ተፈቶ፣ ፔዳሎቹ በላስቲክ ተጠቅልለው፣ የፊት ጎማው ወልቆ፣ ኮርቻው ለብቻው ሆኖ ነው የሚገባው፡፡ ፋብሪካው «ጥቂት ይቀረዋል» ብሎ የላከውን ሻጩም «ጥቂት ይቀረዋል» ብሎ ያስረክባል፡፡ ገዢው ቤቱ ወስዶ በካቻቢቴና በአንድ አሮጌ መፍቻ ይገጥመዋል፡፡ ያች ጥቂት የተባለችው ሥራ ግን መሪው፣ ፍሬኑ፣ ፔዳሉና የፊት ጎማው ናት፤ ነጂውን ከመሬት የሚለየው ነገር ሁሉ ማለት ነው፡፡

ከፔዳሉ ቢጀመር፣ ሁለቱ ፔዳሎች አንድ አይደሉም፡፡ የቀኙ እንደማንኛውም ቡሎን ወደ ቀኝ ሲዞር ይጠብቃል፡፡ የግራው ጥርስ ግን የተገላቢጦሽ ነው፤ ወደ ግራ ሲዞር ነው የሚጠብቀው፡፡ ይህን ያላወቀ ጉልበተኛ ጎረምሳ ግራውን በቀኝ አስገድዶ ሲያስገባ ጥርሱ ይበላል፡፡ ለጊዜው የገባ ይመስላል፡፡ ዳገት ላይ ቆሞ ሲረግጥ ግን ከነጫማው ይወልቃል፡፡

የፊት ጎማውን የሚይዘው ሹካ ተገልብጦ የሚገጠምበት ጊዜም ጥቂት አይደለም፡፡ መሪው ልክ መስሎ ሹካው ወደ ኋላ የዞረ ብስክሌት መታጠፍ ላይ ይክዳል፡፡ ምልክቱ ቀላል ነው፤ ቸርኬ የሚነክሰው የፊት ፍሬን ከሹካው ፊት ለፊት እንጂ ከኋላ መሆን የለበትም፡፡ የኮርቻው ዘንግ ላይ ደግሞ የተቀረጸ መስመር አለ፡፡ ከዚያ በላይ መውጣት የለበትም ማለት ነው፡፡ የሚታጠፍ ብስክሌት ዘንጉ ረጅም ስለሆነ ረጅም ሰው እስከ ጫፉ ይስበዋል፤ ያን ጊዜ የሚሰበረው ዘንጉ ብቻ አይደለም፣ ቴላዮውም ይሰነጠቃል፡፡

የጎማው መቆንጠጫ እጀታ ሌላው ጣጣ ነው፡፡ እንደ ዳዶ እያሽከረከሩ የሚያጠብቁት አሉ፤ ስህተት ነው፡፡ እጀታው መታጠፍ አለበት፡፡ ከጎማው ወደ ውጭ ቀጥ ብሎ ሲቆም መክበድ ይጀምራል፤ እስከ መጨረሻው ሲዘጋ መዳፍ ላይ ምልክት ትቶ ማለፍ አለበት፡፡ በቀላሉ ከተዘጋ አልተዘጋም፡፡

የሚታጠፈውን ብስክሌት ከሌላው የሚለየው ግን ማጠፊያው ነው፡፡ ተራው ብስክሌት ቴላዮው አንድ ወጥ ነው፤ ይኼኛው መሐሉ ላይ ተቆርጦ በማጠፊያና በእጀታ ተይዟል፡፡ በደንብ የተሠራው ሁለት መከላከያ አለው፤ እጀታው አንድ፣ እጀታው በራሱ እንዳይከፈት የሚይዘው ጥርስ ደግሞ ሁለት፡፡ ርካሹ ሁለተኛው ላይ ይቆጥባል፡፡ የፊቱን ፍሬን ይዞ ብስክሌቱን ወደ ፊትና ወደ ኋላ መነቅነቅ ነው፤ ማጠፊያው ላይ «ኳ ኳ» የሚል ካለ ያ ብስክሌት ከግቢ መውጣት የለበትም፡፡ የላስታ አቧራ ደግሞ ማጠፊያው ውስጥ እየገባ እንደ ሞረድ ይበላዋል፡፡ በታጠፈ ቁጥር በጨርቅ ካልተጠረገ እጀታው የተዘጋ እየመሰለ ክፍት ይሆናል፡፡

እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ ሞንታጊው የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በፓራሹት ለሚወርዱ ወታደሮች ያዘጋጀው የሚታጠፍ የተራራ ብስክሌት የታወቀ ነው፡፡ የዚያ ብልሃት ዋናውን ቧንቧ አለመቁረጡ ነው፤ ቴላዮው የሚዞረው በኮርቻው ቧንቧ ዙሪያ ነው፡፡ ገበያ ላይ «ማውንቴን» ተብሎ የሚቀርበው ርካሽ ዕቃ ግን ከዚያ ጋር የሚመሳሰለው በጎማው ውፍረት ብቻ ነው፡፡ እንዲያውም አንዳንዱ ከነመመሪያው «ከተጠረገ መንገድ ውጪ አይነዳ» የሚል ጽሑፍ ይዞ ይመጣል፡፡ ያን ወረቀት ግን ማን ያነባል? ከካርቶኑ ጋር ይጣላል፡፡

ቁልቁለቱ በቁጥር ሲታይ ነገሩ የበለጠ ይገለጣል፡፡ ነጂው 75 ኪሎ፣ ብስክሌቱ 17 ኪሎ፣ ቦርሳና ውኃ 8 ኪሎ ቢሆኑ ድምሩ 100 ኪሎ ነው፡፡ ይህ ክብደት አምስት መቶ ሜትር ሲወርድ የሚለቀው ጉልበት አንድ ሊትር ተኩል ውኃ ከቀዝቃዛ ተነሥቶ እንዲፈላ ለማድረግ ይበቃል፡፡ ነጂው በዝግታ ከወረደ አብዛኛው ሙቀት የሚያርፈው በሁለት ቸርኬና በአራት ትናንሽ የፍሬን ላስቲክ ላይ ነው፡፡ ፍሬኑን ሳይለቅ ይዞ የወረደ ሰው ቸርኬውን ያግላል፤ ላስቲኩ ይለሰልሳል፤ ካላማዳሪያውም ሊፈነዳ ይችላል፡፡ መፍትሔው የታወቀ ነው፡፡ ፍጥነት ሳይጨምር ገና ከላይ መያዝ፣ ያዝ ለቀቅ ማድረግ፣ ክብደትን ወደ ኋላ ማሸሽ፣ በየመሐሉ ቆሞ ማቀዝቀዝ፡፡ በክረምት ጭቃው ላስቲኩን እንደ አሸዋ ወረቀት ስለሚፈጀው በዚያ ወቅት ቁልቁለቱን ጨርሶ መተው ይሻላል፡፡

ለአከራዩ ደግሞ አንድ የተረሳ ነገር አለ፡፡ እንግሊዛዊው የፊት ፍሬኑን የሚጠብቀው በቀኝ እጁ ነው፤ አሜሪካዊው በግራው፡፡ የለመደውን እጅ በድንጋጤ የጨበጠ እንግዳ የኋላውን ያዝኩ ብሎ የፊቱን ይይዝና በመሪው ላይ ተወርውሮ ያርፋል፡፡ አከራዩ ብስክሌቶቹን ሁሉ አንድ ዓይነት አስገጥሞ፣ ከማስረከቡ በፊት ለደንበኛው በቃል መንገርና ሜዳ ላይ አንድ ዙር ማስነዳት አለበት፡፡ ወጪ የለውም፤ አምስት ደቂቃ ነው፡፡

ታዲያ ቡሎኑን ማጥበቅ የማን ሥራ ነው? አንዳንድ ሻጮች «ገጣጥመን ብንሸጥ ዋጋው ይወደድብናል፤ ገዢውም ታሽጎ ይፈልገዋል» ይላሉ፡፡ ክርክሩ አይያዝም፡፡ ለለመደ ሠራተኛ አንዱን ብስክሌት ገጥሞ መፈተሽ የአንድ ሰዓት ገደማ ሥራ ነው፤ ከቀረጡና ከጅቡቲ ማጓጓዣው ጋር ሲወዳደር እዚህ ግባ የማይባል ወጪ ነው፡፡ ሕጉም ቢሆን ለሻጩ አልለቀቀለትም፡፡ የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ሻጭ ለሸጠው ዕቃ ጉድለት መድን እንደሆነ ይደነግጋል፤ የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006ም ሸማቹ ስለሚገዛው ዕቃ በቂና ትክክለኛ መግለጫ የማግኘት መብት ይሰጠዋል፡፡ በባዕድ ቋንቋ የተጻፈ ወረቀት ካርቶን ውስጥ መጣል በቂ መግለጫ ነው ብሎ የሚከራከር ጠበቃ ሥራው አይቀናም፡፡

ገዢውም ነፃ አይደለም፡፡ ሃያ ብስክሌት በአንዴ የሚያነሣ ባለሀብት ስለ ዋጋ ቅናሽ ሲከራከር ይውልና ስለ ማጠፊያው መለዋወጫ አንድ ቃል ሳይጠይቅ ይፈርማል፡፡ የፍሬን ላስቲክ፣ ካቴናና ካላማዳሪያ ከየትም ይገኛል፡፡ የማጠፊያው እጀታ ግን እንደ ፋብሪካው ይለያያል፤ የአንዱ ለሌላው አይሆንም፡፡ ያ ትንሽ ብረት ከተበላና ምትክ ከሌለው ሙሉው ብስክሌት የግድግዳ ጌጥ ሆነ ማለት ነው፡፡ ስለዚህ ውሉ ላይ ከየአሥሩ ብስክሌት ጋር ቢያንስ ሁለት ሙሉ ማጠፊያ ይግባ፤ አስመጪውም ዕቃው አይኤስኦ 4210 የተባለውን ዓለም አቀፍ የብስክሌት ደኅንነት መለኪያ፣ የሚታጠፈውንም የሚጨምረውን፣ ስለማለፉ ወረቀት ያሳይ፡፡ የማያሳይ ከሆነ ደላላው የቱንም ያህል ቢምል ዋጋው በዚያ መጠን ይውረድ፡፡

ላስታ ላይ ብስክሌት ጭራሽ አይሆንም የሚሉም አሉ፡፡ ይህም ማጋነን ነው፡፡ ወደ አሸተን ማርያም መውጫው የእግርና የበቅሎ እንጂ የጎማ መንገድ አይደለም፤ የአውሮፕላን ማረፊያው ቁልቁለትም ለሚከራይ ጀማሪ አይሰጥም፡፡ ነገር ግን ከላሊበላ 60 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ጋሸና ላይ ሲወጣ የመቄት አምባ ሰፊና ለጥ ያለ ነው፡፡ የማኅበረሰብ የእግር ጉዞ ማረፊያዎች እዚያ ከተጀመሩ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኗቸዋል፡፡ የሚታጠፍ ብስክሌት ጥቅሙ የሚታየው እንዲህ ባለ ቦታ ነው፤ ቁልቁለቱን ታጥፎ በመኪና ያልፋል፣ አምባው ላይ ተዘርግቶ ይነዳል፡፡ ለዚህ የሚያስፈልገው ሃያ ብስክሌት ሳይሆን ስድስት ጥሩ ብስክሌት፣ አንድ ሚኒባስ፣ ለእያንዳንዱ ነጂ የራስ ቁር እና አንድ ቋሚ ደመወዝ ያለው ጠጋኝ ነው፡፡ ጠጋኙን ከአዲስ አበባ ማምጣት አያስፈልግም፤ ከላሊበላ ወጣቶች አንዱን ባሕር ዳር ልኮ ጥቂት ወር ማሠልጠን ይበቃል፡፡ መንገዱ ሲከፈት ለገና እደርሳለሁ የሚል አከራይም ብስክሌቶቹን ከኅዳር መጨረሻ በፊት አስገጥሞ፣ ዳገትና ቁልቁለት ላይ በራሱ ሰው አስነድቶ፣ የላላውን ቡሎን ሁሉ ዳግመኛ አጥብቆ መጠበቅ ይኖርበታል፡፡