«ሽምደዳ» ብላችሁ የናቃችሁት ሙራጀዓ



በ2015 ዓ.ም የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.2 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2016 ዓ.ም 5.4 በመቶ ደረሰ። ውጤት በወጣ ቁጥር የምንሰማው ወቀሳ አንድ ነው፦ «ይህ ትውልድ ይሸመድዳል እንጂ አይማርም!» አንዳንዱም ጣቱን ወደ መድረሳችን ይቀስራል።

ፍርዱ የተሳሳተ ነው። ሂፍዝ ላይ ያለን ልጅ ተመልከቱ። ኡስታዙ ፊት ሲቀርብ ሙስሐፉን ይዘጋል። በቃሉ ይቀራል፤ ሲሳሳት እዚያው ይታረማል። የትናንቱን ዛሬ፣ ያለፈውን ሳምንት ደግሞ ነገ ይመልሰዋል። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ቁርኣን ካልተከታተሉት ከታሰረ ግመል ፈጥኖ እንደሚያመልጥ አስተምረውናል። ሙራጀዓ የቆመው በዚህ ላይ ነው።

ሳይንሱ ዘግይቶ ደረሰበት። በ2008 እ.ኤ.አ. ካርፒክና ሮዲገር የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች ተማሪዎችን 40 የስዋሂሊ ቃላት አስጠኑ። ቃሉን ከያዙት በኋላም ደጋግመው የተጠየቁት ከሳምንት በኋላ 80 በመቶ ያህሉን አስታወሱ። ማየቱን ቢደጋግሙም ያልተጠየቁት 40 በመቶ እንኳ አልሞላላቸውም።

በብዙ ክፍሎቻችን ግን መምህሩ ሰሌዳ ላይ ይጽፋል፣ ተማሪው ይገለብጣል፣ ደወል ይደወላል። ጥያቄ የሚመጣው በፈተና ቀን ነው፤ ያኔ ደግሞ የሚያርም የለም።

«የሐፈዘ ሁሉ ትርጉሙን ያውቃል ወይ?» ትሉ ይሆናል። አያውቅም። ለዚህ ነው «ምንድን ነው?» ከሚለው ጥያቄ ጋር «ለምን?» የሚለውም አብሮ መጠየቅ ያለበት።

አሁን ወደ ዋግ ኽምራ እንሂድ። ጦርነቱ ከቀያቸው አፈናቅሎ ሰቆጣ ያደረሳቸው የአበርገሌ ልጆች የትምህርት ዘመናቸውን ተነጥቀዋል። ክፍል፣ መጽሐፍና የመምህር ደሞዝ የመንግሥት ዕዳ ነው፤ ዕዳውን ማንም አይሰርዝለትም። ነገር ግን ትምህርት ሲጀመር ደብተር አዘግቶ ካለፈው ሳምንት ሦስት ጥያቄ መጠየቅ በጀት አይፈልግም። ዛፍ ጥላ ሥርም ይሠራል። ቤቱ ኽምጣና የሚናገር ልጅም መጀመሪያ በአፍ መፍቻው ይመልስ።

በክረምት የምታስጠኑ ወንድምና እህቶች ሆይ! ማብራሪያችሁን አሳጥሩ፣ ጥያቄያችሁን አብዙ፣ የተሳሳተውን ሳታሳፍሩ አርሙ። ጁዝኣችሁን በየቀኑ እየከለሳችሁ ባዮሎጂውን ለፈተና ዋዜማ የምታቆዩትስ? መድኃኒቱ እጃችሁ ላይ ነው፤ ተጠቀሙበት።

አላህ ጠቃሚ ዕውቀት ይወፍቀን። አሚን።