ከ«አር-ሪሳላህ» ፊልም በስተጀርባ



ውድ አንባብያን፣ «አር-ሪሳላህ» የተሰኘውን ፊልም ብዙዎቻችሁ ከቤተሰብ ጋር አይታችሁት ይሆናል። ለመሆኑ እነማን ሠሩት?

አዘጋጁ ሙስጠፋ አል-ዐቃድ የሶሪያዋ ሐለብ ተወላጅ ናቸው። የፊልም ሙያን አሜሪካ ቢማሩም ለሥራው ገንዘብ ያገኙት ከሆሊውድ ሳይሆን ከዐረብ አገሮች ነበር። ሞሮኮ የተጀመረው ቀረጻ ሊቢያ ውስጥ ተጠናቆ ፊልሙ እ.ኤ.አ. በ1976 ለእይታ በቃ።

ድካሙ ድርብ ነበር። ፊልሙ አንዴ በዐረብኛ፣ አንዴ በእንግሊዝኛ ተቀርጿል። ሐምዛን (ረ.ዐ) በዐረብኛው ግብጻዊው ዐብደላህ ጘይስ፣ በእንግሊዝኛው አንቶኒ ኩዊን ተጫውተዋል። ለስደተኞቹ ሶሐቦች በሩን የከፈተውን የአገራችንን ንጉሥ ነጃሺን በእንግሊዝኛው የተጫወቱት በቤርሙዳ የተወለዱት ኧርል ካሜሮን ናቸው።

የታሪኩ ማዕከል የሆኑት ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ግን አይታዩም፤ ድምፃቸውም አይሰማም። ተዋንያኑ የሚናገሩት ወደ ካሜራው እየተመለከቱ ነው። ሶሐቦችን በተዋናይ ማሳየት ዛሬም ዑለማዎችን ያከራክራል። በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ጉዳይ ግን አዘጋጁ ገደቡን አልጣሱም፤ ያም ሆኖ ፊልሙ ሳይታይ እንኳ ብርቱ ተቃውሞ ገጥሞታል።

አል-ዐቃድ እ.ኤ.አ. በ2005 ዐማን ሆቴል ውስጥ በደረሰ የቦምብ ጥቃት ከልጃቸው ጋር ሞቱ። የእስልምናን ሰላም ለዓለም ለማሳየት የደከሙ ሰው የጠፉት በሃይማኖቱ ስም በሚገድሉ እጆች ነው።

ካሜራ የያዛችሁ ወጣቶች ሆይ! ከምታሳዩት በፊት የማታሳዩትን ለዩ። አደብ ሙያን አያጠብም።

ወላሁ አዕለም።